ጋሽ ደጅይጥኑ ያላነበቡት ማስታወቂያ

ሰቆጣ ገበያ ውስጥ፣ እህል ተራውና ጨው ተራው በሚገናኙበት ቦታ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ዛሬ ቲማቲም ሻጮች ሣጥን ይደረድሩበታል። ከሰማንያ አራት ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሁለት ሺህ መባቻ ድረስ ግን የጋሽ ደጅይጥኑ ድንጋይ ነበር። ሌላ ሰው ወጥቶ ቢቆምበት ሕፃናት እንኳ ይስቁበት ነበር።

ጋሽ ደጅይጥኑ የወረዳ መሥሪያ ቤታችን ተላላኪ ነበሩ። በደመወዝ መዝገቡ ላይ ማለቴ ነው። እውነተኛው ሥራቸው በገበያ ቀን ማስታወቂያ ማንበብ ነበር፦ የከብት ክትባት መጣ፣ ትምህርት ቤት ሊመዘግብ ነው፣ ስብሰባ አለ። እኔ ሰርካለም ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የማስታወቂያው ወረቀት ከእኔ እጅ ወደ እሳቸው እጅ ነበር የሚያልፈው፤ ሲያልፍም በሰላም አያልፍም። አንድ ቃል ላይ ጣታቸውን ያሳርፉና «ሰርኬ፣ ‹የሚመለከተው አካል› ማለት ማን ነው? ስም የለውም?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ! የተሰጠኝን ነው የምመታው። እሳቸው ግን እዚያው ተነሥተው ኃላፊው ቢሮ ይገባሉ፣ ሰውየውን አስጨንቀው ስም ያወጣሉ፣ ተመልሰው በእስክሪብቶ ከኅዳጉ ላይ ይጽፉታል። በእኔ ዘመን አምስት ኃላፊ ተቀያይሯል፤ አምስቱም ጋሽ ደጅይጥኑን ሲያዩ ፊታቸው ይጨማደድ ነበር።

ገበያ ሲደርሱ ድንጋያቸው ላይ ይወጡና ፊሽካቸውን ሦስት ጊዜ ይነፋሉ። በአማርኛ ያነባሉ። ቀጥሎ ወረቀቱን አጥፈው በአገሬው ቋንቋ በኽምጥኛ ይናገሩታል፤ በኽምጥኛው ላይ ትንሽ ቀልድ ሳይጨምሩበት አይቀርም፣ ሕዝቡ የሚስቀው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ግን አይወርዱም። እጃቸውን ወደ ሰዉ ጀርባ ዘርግተው «ከኋላ ያለ ሰው ይድገምልኝ!» ይላሉ። ከኋላ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ትሁን፣ ከአበርገሌ ፍየል እየነዳ የመጣ ገበሬ ይሁን፣ የሰማውን ጮኾ ካልደገመላቸው ማስታወቂያው ተነገረ አይባልም። ተሳስቶ ከደገመ ያርሙታል፣ እንደገናም ያስደግሙታል። ዝናብ እየደበደበን ስንት ቀን ቆመናል መሰላችሁ።

አንዴ፣ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ይመስለኛል፣ መሥሪያ ቤታችን በከተማው የሚንከራተት ፍየል ይያዝ ብሎ ወሰነ። ወረቀቱ ገና እኔ ታይፕ ላይ እያለ ጥበቃዎቹ ሃያ ምናምን ፍየል ሰብስበው ግቢ ውስጥ ዘጉ። ጋሽ ደጅይጥኑ መጡና የግቢውን በር ከፍተው ፍየሎቹን ለቀቁ። ኃላፊው በንዴት ጮኸባቸው። «አልተነገረማ!» አሉት እሳቸው፣ ምን ያስቆጣሃል በሚል ድምፅ። «ነገ ገበያ ነው፣ እነግራለሁ፤ ከነገ ወዲያ የራሴንም ፍየል እሰሩ።» ከሥራ ሊባረሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በማግስቱ አነበቡ፣ አስደገሙም። በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ የታሰረችው የእሳቸው ፍየል ሆነች፤ ተደስተው ለሰው ሁሉ ሲያወሩት ሰነበቱ።

እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ስነግራችሁ እንድትረዱኝ ነው፤ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ በደንብ አልተረዳሁትም። አሁን ባልም ሚስትም በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ ብናገረው የሚጎዳ ሰው የለም ብዬ ነው።

ሚስታቸው እትዬ ወለተ ሚካኤል የደሃና ወረዳ ሰው ነበሩ፣ ከአምደወርቅ ወዲያ የአንድ ደብር ቄስ ልጅ። ባላቸው ለአገር የሚበቃ ስለሚናገሩ ይሁን አላውቅም፣ እሳቸው ቃል ይቆጥቡ ነበር። በዘጠና ዘጠኝ ዓ.ም. ሆዳቸው ውስጥ እብጠት ተገኘና የሰቆጣ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ጻፉላቸው። እዚያ መምህርት የሆነችው ልጃቸው ጸሐይነሽ ወሰደቻቸው። ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ዓርብ ዕለት ጸሐይነሽ በመሥሪያ ቤታችን ስልክ ደወለች። ያነሣሁት እኔ ነበርኩ።

«ሐሙስ ቀዶ ጥገና ሊሠሩላት ነው፤ እሺ ብላ ረቡዕ ጠዋት መፈረም አለባት» አለችኝ። «እሷ ግን የአባቴን ደብር ጠበል ሳልጠጣ አልፈርምም፣ ቢላዋም አይነካኝም ብላለች።»

«አዲስ አበባ ጠበል ሞልቶ!» አልኩ።

«እኔስ አላልኳትም? ሐሙስ ካለፈ ደግሞ ተራው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፣ እብጠቱም አይጠብቅም ነው የሚሉት።»

ጋሽ ደጅይጥኑ አጠገቤ ቆመው ሰሙ። ቅዳሜ በሚኒባስ አምደወርቅ ወረዱ፣ ከዚያ በእግራቸው ደብሩ ደረሱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ወልደ ኢየሱስ ጠበሉን በአንድ ሃይላንድ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞሉላቸው፣ አፉን በነጭ ጨርቅ አስረው በጧፍ ሰም አተሙት። በአውቶቡስ ከሄዱ ረቡዕ ጠዋት መድረስ አይታሰብም፤ ስለዚህ ጸሐይነሽ የማክሰኞ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችላቸው። ሰኞ በአይሱዙ ተጭነው ማረፊያው ወዳለበት ከተማ ሄዱ። የማረፊያውን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ቤት ገብተው ዳቦ በሻይ ቀመሱ። ጾም አይደለ፣ ረጅም መንገድ አለባቸው፣ ምን ክፋት አለው?

ከዚህ በኋላ ያለውን እሳቸው እንደነገሩኝ ነው የምነግራችሁ። ቢያንስ አራት ጊዜ ነግረውኛል፣ በአራቱም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው ግራ የሚገባቸው።

መግቢያው ላይ አንዲት ወጣት ፈታሽ «ጫማዎን ያውልቁ አባባ» አለቻቸው። ስሟ ዓይናዲስ ነበር፣ ደረቷ ላይ ተለጥፎ አንብበውታል፤ ያልተነበበ ጽሑፍ ያለፋቸው ቀን የለም። ጫማ አውልቁ ሲባሉ ደስ አላቸው። ጫማ የሚወለቅበትን ደጅ የሚያውቁት አንድ ብቻ ነዋ። አወለቁ፣ ጎንበስ ብለው የቆመውን የብረት በር መቃን በግራም በቀኝም ተሳለሙ፣ አማተቡና ገቡ። በሩ ጮኸ።

«ደነገጥኩ ሰርኬ» አሉኝ። «ስንት ደጅ ስሜ ገብቻለሁ፣ የጮኸብኝ ደጅ የለም። ምን በድዬ ነው አልኩ።»

የበደሉት በኪሳቸው ያለው ፊሽካ ነበር። ዓይናዲስ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በአንድ ሣሕን አስቀመጠችላቸው። ከዚያ ከረጢታቸው በመፈተሻ ማሽኑ ውስጥ አለፈና በዚያ በኩል ወጣ፤ ጠርሙሱን አንሥታ ያዘችው።

«ይህ ምንድን ነው አባባ?»

«ጠበል ነው ልጄ። ለታማሚ ነው።»

«እግዚአብሔር ይማርልዎት። አንድ ጉንጭ ይጠጡልኝና ይለፉ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ፈሳሽ የያዘ ሰው ይቀምሳል።»

«እህል ቀምሻለሁ እኮ!»

ልጅቱ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ቃል አላስፈለጋቸውም፤ ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። እህል የገባበት ሆድ ጠበል እንደማይጠጣ ማን የማያውቅ አለ? «እውነትዎን ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን ሥርዓቱ ነው።»

«የት ተጽፏል?»

ግድግዳው ላይ የተከለከሉ ዕቃዎች ሥዕል ነበር። ጋሽ ደጅይጥኑ በባዶ እግራቸው ሄደው በእኔ ወረቀት ላይ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን አሳረፉበት። «ቢላዋ አለ። መቀስ አለ። ክብሪት አለ። ጠርሙስ የት አለ?»

«እሱ ለሕዝብ አይነገርም አባባ» አለች ዓይናዲስ። «የምንፈትሽበት ሁሉ ቢነገር ክፉ ሰው አውቆ ይዘጋጅበታላ።»

እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ የሚቆሙት። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ግድግዳዬ ላይ ይቀራል፣ ግድግዳዬ ላይ ደግሞ የዓመት መቁጠሪያ እንጂ ምንም የለም። «እውነት አላት ሰርኬ። ክፉ ሰው አለ፣ አልክድም። ግን ክፉው እንዳይዘጋጅ ተብሎ እኔም ሳልዘጋጅ ልምጣ? ቢነገረኝ ኖሮ እኮ ጾሜን እመጣ ነበር! አንዲት ዳቦ ናት። አንዲት ዳቦ መተው ያቅተኝ ነበር?»

እኔ አውሮፕላን ላይ ብሆን ክፉ ሰው ሳያውቅ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። እሳቸውን ብሆን ደግሞ የሚጠብቀኝን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁለቱን ባንድ ራስ ይዤ ስዞር ይኸው ስንት ዓመቴ።

ከሻንጣ ጋር ይጫንልኝ አሉ፤ ሻንጣው ተጭኖ አልቋል ተባሉ። ልጅቱ ኃላፊዋን ልጥራ ብላ ዞር ስትል፣ ጋሽ ደጅይጥኑ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን ነገር አደረጉ። ፊሽካቸውን ከሣሕኑ አንሥተው ሦስት ጊዜ ነፉት።

አስቡት! ካሜራ ያንጠለጠሉ ፈረንጆች ወለል ላይ ተቀመጡ። አንዲት እናት ልጇን አቀፈች። ፖሊስ እየሮጠ መጣ። እሳቸው ግን ዝምታው ስለተመቻቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስሙ! ከመካከላችሁ ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው አለ?» አሉ። ልማድ ሆኖባቸው በኽምጥኛም ደገሙት።

ፖሊሱ ክንዳቸውን ያዘ። ያን ጊዜ ነው ዓይናዲስ «እኔ አልቀመስኩም» ያለችው። ሥራ የገባችው ጎሕ ሳይቀድ ነበር። «እኔ ልጠጣላቸው።»

ኃላፊዋ ደርሶ ነገሩን ሰማ። ረጋ ያለ ሰው ነበር፣ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር ይላሉ ጋሽ ደጅይጥኑ። «አባባ፣ ፈታሽ ‹አንቺ ጠጪው› አይባልም። ባለቤቱ ነው የሚቀምሰው። የያዙትን የማይፈሩ መሆንዎን የምናየው በዚያ ነው። ይጠጡ፣ ወይም ይተዉትና ይሳፈሩ።»

ይህም እውነት መሰላቸው። የሚናደዱበት አጡ። ጠርሙሱን ቢተዉት ወለተ ሚካኤል አይፈርሙም። ሆዳቸው ባዶ እስኪሆን እስከ ነገ ቢቆዩ ፊርማው ያልፋል። የመሳፈሪያው ጥሪ ሲነገር ሰሙ፤ እሱ ጥርት ብሎ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ጊዜ ተነገረ። ሰሙን በጥፍራቸው ፈለፈሉ፣ ጨርቁን ፈቱ፣ አማተቡና አንድ ጉንጭ ጠጡ። እዚያው ቆመው አለቀሱ። ዓይናዲስ ጨርቁን መልሳ አሰረችላቸው፣ ፊሽካውንም ኪሳቸው ውስጥ ከተተችላቸው። «ግቢ ውስጥ ዳግም እንዳይነፉት» አለቻቸው፣ እሷም ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ስለ አውሮፕላኑ ስጠይቃቸው «እንጃ፣ ነጭ ነው» ብለውኛል። ሌላ ያዩት የለም።

ማታ ሆስፒታል ሲደርሱ እትዬ ወለተ ሚካኤል ጠርሙሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። የቄስ ልጅ ናቸው፣ የታተመ ጠበል እንዴት ያለ እንደሆነ ያውቃሉ።

«ማን ከፈተው?» አሉ።

«በመንገድ ፈሰሰ» አሉ ጋሽ ደጅይጥኑ።

እትዬ ጨርቁን መልሰው አጠበቁት። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆዳቸው ጠጡና ፈረሙ። ሐሙስ እብጠቱ ወጣ። በወሩ ቀጥ ብለው በእግራቸው ሰቆጣ ገቡ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «የአባቴ ጠበል» ብቻ ነው መልሳቸው።

የታመሙት ጋሽ ደጅይጥኑ ሆኑ። ሕመም ልበለው። ወረቀት ስሰጣቸው ጣታቸውን የትም አያሳርፉም፣ አጥፈው ይሄዳሉ። አንድ ቀን በሩን ዘግተው ሁሉንም ነገሩኝ። «እኔ የነካሁት ጠበል ነው ያዳናት? ወይስ ሐኪሙ? ነክቼው ካዳናት እህሉ ምንም አልነበረም ማለት ነው? ወይስ እግዜር ለእሷ ብሎ ዝም አለኝ?»

«ለንስሐ አባትዎ ለምን አይነግሩም?»

«ምን ብዬ? ሕግ አክብሬ ሕግ ጣስኩ ልበል? አልተናገረችው እንጂ እሷም አውቃ ቢሆንስ? ሠላሳ ዓመት አልዋሸኋትም፣ ሰርኬ። የመጀመሪያዬ ይኼ ነው፣ ያውም በሕመሟ ላይ።»

ከዚያ አንድ ወረቀት በታይፕ አስመቱኝ። የካርቦን ቅጂው አሁንም እኔ ጋ አለ፦ «ማስታወቂያ። በአውሮፕላን ለምትሄዱ ሁሉ። ጫማ ታወልቃላችሁ፤ ደጁን ግን አትሳለሙ። ፊሽካ አትያዙ። ጠበል የምትይዙ ሰዎች እህል ሳትቀምሱ ሂዱ፣ ጠጡ ትባላላችሁና። እኔ ዳቦ በልቼ ሄጄ ጠጥቻለሁ። ምክንያቱን ጠይቄ ለሕዝብ አይነገርም ተብያለሁ።» ፊርማ አለው፣ ማኅተም የለውም። ማንም ያላዘዘው ማስታወቂያ በእጃቸው ሲያልፍ የመጀመሪያው ነበር።

ሳቅኩባቸው። «ጋሼ፣ ከዚህ ገበያ አውሮፕላን የሚሳፈር ማን አለ?»

«አንድ ሰው ይበቃል» አሉ። «አንድ ሰው እንደ እኔ እንዳይሆን።»

«እትዬስ ቢሰሙ?»

«እሷ ገበያ መውጣት አልጀመረችም።»

በገበያ ቀን ሽንኩርት የምገዛ መስዬ ሄድኩ። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት አነበቡ፣ የከብት ክትባት ነበር። ከኋላ አንድ ገበሬ ደገመላቸው። ቀጥለው የእኔን ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ፊሽካውን እንደገና ነፉ። ሰዉ ሁለተኛ ፊሽካ ሰምቶ ስለማያውቅ ከጨው ተራም ከእህል ተራም ተሰበሰበ። «ማስታወቂያ!» አሉ፣ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከሕዝቡ ጀርባ ላይ ቀረ።

ዞር ብዬ አየሁ። እትዬ ወለተ ሚካኤል ከሕዝቡ ኋላ፣ ጨው ተራው ጋ፣ ቅርጫት ይዘው ቆመዋል። ከሕመማቸው በኋላ ገበያ ሲወጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ጋሽ ደጅይጥኑ ካነበቡት ሚስታቸው ያዳናቸው ጠበል በምን እንዳለፈ በአገር ፊት ይሰማሉ። ካላነበቡት ነገ አንዱ ምስኪን ዳቦውን በልቶ ይሄዳል። ሰዉ ጠበቀ። ከዚያ ወረቀቱን በአራት አጥፈው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ጨርሻለሁ» አሉ።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል ከኋላ። እኚያ ቃል ቆጣቢ ሴትዮ፣ በሙሉ ድምፃቸው! «ያ ወረቀትስ?»

ጋሽ ደጅይጥኑ ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «እሱ . . . እሱ ለሕዝብ አይነገርም» አሉ።

በአሥራ አምስት ዓመት ከዚያ ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው «ምን አለ? ምን አለ?» አለ፣ ሽንኩርት ሻጯ አፍጥጣ እኔን ታየኝ ጀመር። ጋሽ ደጅይጥኑ አንድ እግራቸውን ከድንጋዩ አወረዱ።

«ቆይ እንጂ!» አሉ እትዬ። «ከኋላ ያለ ሰው ሳይደግምልህ ትወርዳለህ?» ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ባላቸውን ትክ ብለው እያዩ ጮኸው ደገሙት፦ «ለሕዝብ አይነገርም!»

ምን አውቀው እንዳሉት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ ደጅይጥኑ ግን ሁለተኛውን እግራቸውንም ከድንጋዩ አወረዱ፤ እትዬ በትክክል ስለደገሙት የሚያርሙት አልነበራቸውም።